ቁጥር አምስት

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
የኢንኩቤተሩን በር ከፈትሁት፤
ሙቀቱ ፊቴን ዳሰሰኝ፣ እንደ በሽተኛ ግንባር፤
ሳህኗን አነሣኋት ወደ አምፖሉ ዳር።
ነጫጭ ነጥብ፣ እንደ እርጎ ፍንጣቂ፣
ለስላሳ፣ ጨዋ መሳይ፤ ሽታው የጥንስስ።
እርሾ ነው እንግዲህ፤ የቤታችን ዘመድ፤
ጠላችንን ሲያፈላ፣ ሊጣችንን ኩፍ ሲያደርግ የኖረ፣
ዛሬ በሰው ደም ውስጥ ጎጆ ቀለሰ፣ ዘር ቆጠረ።

ደሙ የአንማው ነው፣ የቁንዝላው ታንኳ ሠሪ፣
ደንገል ቋጣሪ፣ ከማዕበል ጋር ተከራካሪ።
ለአንጀቱ መጣ፤ አንጀቱ ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ ዳነ፤
ይኼ ግን እዚሁ ያገኘው ነው፤
ከአልጋው፣ ከቱቦው፣ ከእኛው የሆነ።

በሳህኗ መሐል አንዲት ክብ ወረቀት አለች፣
ፍሉኮናዞል የጠጣች።
ድሮ፣ ሥራ የጀመርሁ ሰሞን፣
ዙሪያዋን ባዶ ሜዳ ታስከብር ነበር፣
እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፤
እርሾው ከሩቅ ይቆም ነበር፣ ጫማውን አውልቆ።
ዛሬ ደጀ ሰላሙን አልፎ
ወረቀቷ ላይ ወጥቶ ተኝቷል፣ ተንፈላሶ።

«መድኃኒቱን ተላመደ» እንላለን፤ የሙያ ቃል ነው።
ግን ማን ነው ያልተላመደው?
እምቦጩ ሐይቁን ተላመደ፤
በእጅ ነቅለን፣ በማሽን ነቅለን፣
በማግስቱ ሐምራዊ አበባውን ሰክቶ
«እንደምን አደራችሁ» ይላል።
ቧንቧችን መድረቅን ተላመደ።
ጣና ከመስኮቱ ማዶ ሌሊቱን ሲላጋ ይሰማል፤
«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሉት ስለ እኛ ነው፤
መታጠቢያው ላይ ጀሪካን አለ፣ ጀሪካኑም ባዶ ነው።
ክኒኑ እንደ ዝክር ዳቦ ለመጣው ሁሉ ታደለ፤
ጠላት ቀምሶት፣ ደግሞ ቀምሶት፣
«ይኼማ ምንም አይል» አለ።
እኔም ተላምጃለሁ፤
ጓንት እስኪመጣ ያለ ጓንት፣
ከአንዱ አልጋ ወደ አንዱ፣ ደም ለመቅዳት።

ወደ ዋርዱ ደወልሁ። ሲስተር ዘውድነሽ አነሣች።
«ሌላው መድኃኒት?»
«ከአዲስ አበባ ይመጣል ብለዋል።»
«መቼ?»
ስልኩ ውስጥ ሰው ሲያስል ብቻ ተሰማኝ።

ባለፈው ሳምንት የሁላችንን መዳፍ በጥጥ ጠርጌ ነበር፤
ሰባት ሰው፣ ሰባት ሳህን፤ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ፣
እንዳንተፋፈር ብለን።
ስድስቱ ደኅና።
ቁጥር አምስት በቀለ።
ያው ነጭ፣ ያው እርጎ፣ ያው ወረቀት የማይፈራ።
ዝርዝሩን ተስማምተን ቀደድነው፤
ሰልፉን ግን አስታውሳለሁ፤
ዘውድነሽ አራተኛ ነበረች።
ከኋላዋ የቆመው ሰው
ትከሻዋ ላይ የወደቀ ጸጉር አይቶ፣
ላንሣላት፣ ልተወው ሲል ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ውጤቱን ይዤ ወጣሁ።
ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ፣ ካርቶን አንጥፋ፣ ነጠላዋን ተከናንባ።
ስሟ እንጉዳይ ነው።
እኔ ወረቀቴ ላይ «ፈንገስ» ብዬ የጻፍሁትን
እናቷ ከዝናብ ማግስት፣ ከግንድ ሥር አይታ፣
አምሮባት ለልጇ አወጣችው።

«አገኛችሁት?» አለችኝ።
«አገኘነው።»
ማግኘት ማዳን መሰላት።
ተነሣች፣ ጎንበስ አለች፤ «እጅህ ይባረክ» ብላ
ቀኝ እጄን ያዘች፣ ልትስመው፤
መንጭቄ ኪሴ ከተትሁት፣
እሳት እንደነካው ሰው።

ከወደቡ የመጀመሪያው ጀልባ ሞተሩን አስነሣ።
እሷ የገዛ እጇን ገልብጣ አየች፤
«ምን ነካህ፣ ወንድሜ?» አለችኝ፣
ቃሉን እንዲሁ፣ እንደ ወትሮው፣ ሳትመዝነው።
ስንት አልጋ ነካሁ፣ አልኋት በልቤ።
በአፌ ግን «ቆይ፣ ውኃ ላምጣልሽ» ብዬ ሄድሁ፣
ውኃ ወደሌለበት።