መቶ እርምጃ

አባቴ ሮብሌ፣ የምድር ባቡር ሰው፣
ጡረታ ቢያስወጡትም፣ ጆሮውን ከሥራ ማን ይመልሰው?
ሲመሽ፣ የድሬ ንዳድ ሲረግብ፣ ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ፣
ጉንጩን ከዛገው ሐዲድ ያሳርፋል፤ የለም እንጂ ፉርጎ።
«ከሺኒሌ ወዲህ ነው፤ ዘጠኝ ፉርጎ፣ አንዱ ያነክሳል»
ይል ነበር በደጉ ጊዜ፤ ባቡሩም እንዳለው ይደርሳል።

አንድ ማታ ከክፍል ወጥቼ፣ የጠመኔ አቧራ እንደለበስኩ፣
ትራቨርሱ ላይ ተቀመጥኩና ከሩቅ ሰማይ ወሬ አደረስኩ።
«አባ፣ ሁለት ጨለማ ኮከቦች፣ ሞተውም ክብደት ያልጎደላቸው፣
ዞረው፣ ዞረው ተላተሙ።
ያኔ ደቻቱም አልፈሰሰ፤
ንዝረቱ ግን ገና አሁን ደረሰ፤
ምድርን ለጠጣት፣ ከአቶም እምብርት ባነሰ።»

«በምን ሰሙት?»
«በብርሃን። ሁለት ክንድ፣ አራት አራት ኪሎ ሜትር፣ እንደ ሐዲድ ቀጥ ያለ።»
አገጩን አከከ።
«የጫት መኪና ቢያልፍስ?» አለ።

ሳቅሁ። ተማሪዎቼ እንኳ ይህን አልጠየቁኝም።
«ለዚህ ነው አባ፣ አንድ ቦታ ብቻ የማያደምጡት።
አንዱ ሰምቶ ሌላው ካልሰማ፣ የጫት መኪና ነው፤ ይጣላል።
ሁለቱም ከሰሙ ግን…»
«አቦ፣ ተነሺ! ወዲያ ሂጂ። መቶ እርምጃ ይበቃል።»

ቆጠርኩ። ተኛሁ።
ብረቱ የቀኑን ፀሐይ አልለቀቀም፤ ጉንጬን ለበለበኝ።
ፍየል አለፈች።
ከዚያ ምንም።
ከዚያ አንድ ነገር፣ ቀጭን፣ እንደ መርፌ ጫፍ።

«አባ! ሰማህ?»

በድንግዝግዙ እጁን ብቻ አነሳ፤
አዎ ማለቱ ይሁን፣ ዝም በይ ማለቱ፣
እስከዛሬ አልለየሁም።