ሆድ ይፍጀው

ከሌሊቱ ስምንት፤ ግዳንስክ ዝናብ ነው፤
የዮላንታን ኩሽና ፍሪጁ ነው የሚያበራው።
ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ቆማ በጨለማ
ቺዝ ትገምጣለች፣ ጣዕሙ ሳይሰማ፤
ከዚያ ቀዝቃዛ ፒየሮጊ፣ ቅባቱ የደረቀ፣
ከዚያም ቸኮሌት፣ ለእህቷ ልጅ ልደት የተደበቀ።

ቀኑን ሙሉ ስልክ ነው፤ የአምቡላንስ መስመር፦
«ባሌ አይተነፍስም!» «ልጄን ከደረጃው ሥር...»
ለሁሉም ረጋ ብላ፣ ለሁሉም ጊዜ ሰጥታ፣
የራሷን ግን «ሆድ ይፍጀው» ብላ፣ ውጣው፣ ውጣው መጥታ።

ሆድስ ምን ያድርግ?
የሰጡትን ሁሉ ፈጅቶ አይዘልቅም፤
ሲብሰው ይጮሃል፤
እሷ ራብ መስሏት ታጎርሰዋለች።

የኮምጣጤ ኪያር ጠርሙስ፣ ክዳኑ እምቢ አለ፤
እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ጉልበቷም ዛለ።
ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያኔ ከአፏ ወጣ
የሥራ ድምጿ፣ ሳትጠራው የመጣ፦
«የት ነሽ? ማን አለ አብሮሽ? ይሰማሻል እስትንፋስሽ?
ስልኩን እንዳትዘጊው፤ እዚሁ ነኝ፤ አለሁልሽ።»

«ማንም» አለች። ቆይታ፣ «ደክሞኛል» አለች፤
ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ መለሰች።
ፍሪጁ ይጮሃል፤ አልዘጋችም በሩን፤
ጫማዋን ግን ፈታች፣
መጀመሪያ ግራውን።