የወደቀች ብሎን

ሠላሳ አራት ዓመት ሰዓት ሠርቻለሁ፣
ፒያሳ፣ ካንድ መስኮት ሥር፣ አጎንብሻለሁ፤
ዓይኔ ላይ ማጉያ፣ ጭኔ ላይ ነጭ ጨርቅ፣
የላላ ዘንግ በጣት፣ በጆሮ የማውቅ።
አንዴ ብቻ ተከፍቶ የተዘጋ ሰዓት
ይረሳዋል መፍቻን፣ ይቆጥራል በኩራት፤
ሁለቴ ሲከፈት ግን ነገሩ ሌላ ነው፣
ብሎኑ ቢጠብቅም ጥርሱ የተበላ ነው።
ለባለቤቱ እላለሁ፦ «ይሄዳል፣ አይፍሩ፤
ብቻ እንደ በፊቱ እንዳይወረውሩ።»

ለራሴ አልነገርኩም።

ዳሌዬ ሲቀየር፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣
ብረቱን ረስቼ ሄድኩበት እንደ ጥንት፤
አምና ጉድጓዱ ላላ። እንደገና ከፈቱኝ፣
አሮጌውን ነቅለው በሌላ ገጠሙኝ።
ሦስት ሳምንት ሳይሞላኝ ቸኩዬ ሱቅ ገባሁ፤
አንዲት ብሎን፣ ጤፍ የምታክል፣ ከወረንጦዬ አምልጣ
ወለሉ ላይ ጠብ።
እኔም ጎንበስ።

ቀጭ!

በር ከማጠፊያው ሲወልቅ የሚያሰማው ድምፅ፣
ግን ከውስጤ።
እግሬ አጠረ፣ አውራ ጣቴ ወደ ውስጥ ዞረ፣
የሌላ ሰው እግር ሱሪዬ ውስጥ ያደረ፤
ረዳቴ ኪሩቤል «ጋሼ!» ብሎ ቀረ።
አምቡላንሱ ቸርችልን ቁልቁል ሲወርድ
የአስፋልቱ ጉድጓድ ሁሉ ዳሌዬን በስሙ ጠራው።

ትርሲት፣ የመጨረሻ ልጄን የምታክል ፊዚዮቴራፒስት፣
አልጋዬ ጫፍ ቆማ ሕግ አወጀችብኝ፦
«ጋሽ ደርበው፣ ጉልበትዎ ከዳሌዎ በላይ ከፍ አይበል፤
እግር በእግር ላይ አይጫን፣ ለጨዋታም ቢሆን፤
ሲዞሩ ከነእግርዎ ይዙሩ፣ ወገብዎን ብቻ አይጠምዝዙ፤
ሌሊት በእግሮችዎ መሀል ትራስ ይደር።
የወደቀ ነገር ካዩ — የወደቀ ነው።»
ከዋስትና ካርድ ጀርባ ጻፍኩት፣
ለደንበኛ ስሰጥ ከኖርኩት ካርድ።

አስካለ ሳቀች፦
«ድንበር ሳይኖረን አርባ ዓመት ተኝተን፣
በስተርጅና ትራስ ለየን!»
የመጸዳጃውን መቀመጫ ኪሩቤል በጣውላ ከፍ አደረገው፤
ሶፋው ለእንግዳ ቀረ፣ ዱካው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ይህ ከተማ ለካ ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው፦
የሊስትሮው ወንበር ዝቅ፣ የጁስ ቤቱ ዝቅ፣
የጠበቃዬ ሶፋ ሰው የሚውጥ።
ከአራት ኪሎ ስመለስ ጋቢና ብቻ ነው የምሳፈረው።
«ፒያሳ! ፒያሳ! ግቡ፣ በቃ ግቡ!»
መጀመሪያ ጀርባዬን፣ ቀጥሎ ሁለቱን እግሮች ባንድነት ሳስገባ
ወያላው «ፋዘር፣ ሙሽራ ነዎት እንዴ?» አለኝ።
«አይ» አልኩት፣ «ሁለቴ የተከፈተ ሰዓት።»
አልገባውም።
በሩን ግን ቀስ አድርጎ ዘጋልኝ።

ከዚያ ሰብስቤ ሞተ፣ ወርቅ ሠሪው፣ የግድግዳ ጎረቤቴ።
ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ከጉልበቴ በታች፤
ምሰሶ ተደግፌ ቆምኩ።
ለባለቤቱ አንገቴን ብቻ ሰበርኩ።
ከኋላዬ አንዱ ሹክ አለ፦ «ድሮም ኩሩ ነበር።»
ዞሬ ልመልስለት ቃጣኝ፤
ለመዞር ግን ስድስት እርምጃ ያስፈልገኛል።
ተውኩት።
ቀና ብዬ አለቀስኩ።

ትናንት ቀትር ላይ፣ ኪሩቤል ምሳ ወጥቶ፣
ደግሞ ብሎን ወደቀች።
አየኋት። አየችኝ።
ዕድሜ ልኬን ማግኔት ሱቄ አላስገባሁም፣
የሰዓት ጠላት ነው፤
አሁን ከምርኩዜ ጫፍ ላይ ታስሯል፣ በጥቁር ክር።
ቆሜ ወለሉን ዳሰስኩ፣ በጨለማ እንደሚሄድ ሰው፤
ሦስቴ ሳትኳት፣
በአራተኛው እሷው ተነሥታ መጣች።

መዳፌ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።
ቁልቁል ሳይ ግራ ካልሲዬ ተጣሞ፣ ተረከዙ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ወጥቷል።
ይጣመም።
ማታ አስካለ ታቃናዋለች።