ከመቶ ስልሳ እስከ መቶ ሰባ

ኅዳር ነው። መሐል ሜዳ። ውርጩ ከሣሩ አልረገፈም፤
ከክፍሉ አራት መስኮት መስታወት ባንዱም አልተረፈም፤
የማዳበሪያ ጆንያ ወጥረናል፤ ከጓሳ ነፋስ ሲመጣ
ሆዱን እንደ ወናፍ ይነፋል፣ አየሩ ሲገባ ሲወጣ።
አርባ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ባና የደረቡት ሞቋቸው፣
ያልደረቡት ተጠጋግተው አንድ ሆኗል ትንፋሻቸው።
ጠመኔውን እፍ ብዬ አሙቄ፣ ጣቴን አፍታትቼ
ዐሥር ዓመት እጽፋለሁ፣ ከአሮጌ ደብተሬ ቀድቼ፦

     የሮም ንጉሥ ሞተ። ሁለት ወንድማማች ባንድ ዙፋን ተቀመጡ።
     ወንዝዋ ሞልቶ ከተማዋን ዋጠ፤ ከብት አለቀ፤ ረኀብ ገባ።
     ጦርዋ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። ድል አደረገ።
     ሲመለስ በሽታ አመጣ። በሽታው ከድሉ ይልቅ ሩቅ ሄደ።
     በሰሜን፣ ሌላ ወንዝ ተሻግረው ሌሎች ሕዝቦች መጡ።
     በ166 «ከሮም ተልከን» ያሉ ሰዎች ቻይና ቤተ መንግሥት ደረሱ።
     እጅ መንሻ፦ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ የኤሊ ቅርፊት።

«ይህ ፈተና ላይ ይወጣል» ስል ሁሉም ደብተሩ ላይ ወደቀ፤
የዘርጋው እስክሪብቶ ረግቶበት ብብቱ ውስጥ ከቶ አሞቀ።
ጥሩአየር እጇን አወጣች፦ «በማን አቆጣጠር ነው መምህር?»
«በነሱ። ሰባት ቀንሺ፤ አንዳንዴ ስምንት፣ ከመስከረም በፊት ሲቆጠር።»
ቀነሰች። ከዳር ጻፈችው። ደግሞ እጇ ወደ ላይ ሄደ፦
«እኛስ ያኔ ምን እናደርግ ነበር?» ክፍሉ በሳቅ ተናደ።
«ጓሳ እናጭድ ነበር!» አለ ዘርጋው፤ እስክሪብቶው ብብቱ ውስጥ ነው።
እኔም ሳቅሁ፤ መጽሐፉን ግን ገለጥኩት፣ መልስ ይኖር እንደሁ ልየው።

ገጽ ስልሳ አንድ ካርታ አለ። ሮም ቀይ ነው፤ ቻይና ቢጫ፤
ባሕሩ ላይ ቀጭን ነጥብጣብ፣ የመርከብ መግቢያ መውጫ።
እኛ ያለንበት ላይ ግን፣ አታሚው ስፍራው ባዶ መስሎት
የምልክት መግለጫ ሳጥን አስቀምጧል፣ አራት ማእዘን አበጅቶለት፤
«ከተማ»፣ «ወደብ»፣ «የንግድ መስመር» ይላል እላያችን ላይ፤
እኛ ከሳጥኑ ሥር ነን፣ ቀለም ተጭኖን አንታይ።
ሃያ ሰባት ዓመት ይህን ገጽ ገልጫለሁ።
ሳጥኑን አላየሁትም።

ምናልባት በዚያው ዓመት አንዲት ሴት ከዚሁ አፋፍ ላይ ቆማ
ወደ ቆላ የወረደ ባሏን ጠብቃ፣ ድምፁን ሳትሰማ፣
ስሙን ጠርታ ጠርታ፣ ጉሙ ብቻ መልሶላት
ዞራ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ምናልባት። ማን ጻፈላት?
ምናልባት ደግሞ ፈተና ላይ አይወጣም።

ደወሉ ተደወለ፤ የመኪና ቸርኬ ነው፣ በድንጋይ የምንመታው፤
ሁሉም ፀሐይ ሊሞቅ ሮጠ፤ አንድ ልጅ ቀረች ከቦታው።
«መምህር፣ ያ የዝሆን ጥርስ... ሮም ዝሆን አለ እንዴ?»
«የለም። በባሕር በኩል ይገዙታል፣ ከሌላ አገር አንዳንዴ።»
«ከማን?» «ከወደብ ነጋዴ።» «ነጋዴውስ ከማን?» ጠመኔዬን አየሁ፤
ማጥፊያውን በእጄ እንደያዝኩ ዝም ብዬ ቆየሁ።
«አባቴ ሸዋ ሮቢት ገብስ ሲሸጥ፣ ድሮ ዝሆን ነበር ሲሉ ሰማ።»
«አላውቅም» አልኳት። ይህን ቃል ክፍል ውስጥ አውጥቼው አላውቅማ።

ጥር ላይ ፈተናው መጣ። ጥያቄ ዐሥራ አራት፣ ባዶውን ቦታ ሙላ፦
«የዝሆን ጥርሱን ወደ ቻይና ያደረሰው ማን ነው?» ከመጽሐፉ ሌላ
መልስ የለውም፦ የሮም መልእክተኞች።
የጥሩአየር ወረቀት ላይ፣ በጥርት ያለ የእጅ ጽሕፈት፣
«ዝሆኑ» ይላል። አንድ ቃል። ነጥብ እንኳ አልጎደላት፤
አራት ነጥብ አድርጋበታለች።

እጄ ለምዶ በቀይ ኤክስ አደረገና ሌላ ወረቀት አነሣሁ።
ሌሊት ባናዬ ውስጥ ስገላበጥ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሣሁ፤
የስልኬን መብራት አብርቼ ኤክሱን ልሰርዘው ብል
ቀይ በቀይ ላይ አይጠፋም፤ ይብሳል እንጂ ቁስል።
ተውኩት። አጠገቡ አንድ ጻፍኩ።
ሲደመር አንድ አልፎ መጣ። ዳይሬክተሩ ምንድን ነው ቢሉኝ
«የዝሆኑ ነው» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።