የሦስት ዓመት ዓሣ

«ያገሬን ሳትቀምስ አገሬን አየሁ አትበል፤
ሐይቁ በምላስ እንጂ በዓይን አይታይም፣ ተነሥ በል!»
ይለኝ ነበር ታዳሂኮ፣ ከሌሊት ፈረቃ ስንወጣ፣
ናጎያ ፋብሪካው በር ላይ፣ እጃችን ግሪስ እንደ ጠጣ።

እኔ ካጎሺማ ነኝ፣ የባሕር ዳር ዓሣ አጥማጅ ልጅ፣
የሚፈራገጥ ዓሣ እንጂ፣ ካረጀ ጋር የማልወዳጅ።
ደግሞስ ጨው አልባ ውሃ ምን ያበላል? ብዬ፣
በልቤ እየናቅሁ ሄድኩ፣ በባቡር ታዝዬ።

የቢዋ ሐይቅ ሰሜን ጫፍ፤ ጣቢያው ሰው አልባ ነው፤
አንድ የለስላሳ ማሽን ነው መጪውን የሚቀበለው።
ታዳሂኮ በብስክሌት መጣ፣ ሻንጣዬን ጫነ ከኋላ፣
«ቁርስ በልተሃል?» አለኝ፤ «አዎ» ስል ተቆጣ፤ «ለምን ተበላ!»

እናቱ ወይዘሮ ሺዙኖ አጭር ናቸው፣ ቁጥብ ናቸው፤
ከምድጃ እስከ ገበታ የነጠላ ጫማቸው ነው ድምፃቸው።
ቀይ ኮንያኩ አቀረቡ፣ እንደ ሸክላ ጡብ የቀላ፣
ጥርስ ላይ እየተንሸራተተ፣ እየሸሸ የሚበላ፤
የሐይቁ ጥቃቅን ሽሪምፕ ከአኩሪ አተር ጋር ተቀቅሎ፣
ማኬሬል በሶያ ጠቁሮ፣ በኑድል ፍራሽ ላይ ተንጋሎ።
«ግሩም ነው!» አልኩ ለአንዱ፤ «ግሩም!» አልኩ ለሌላው፤
የማሞገሻ ቃል አለቀ፣ ምንም አልተረፈኝ ለኋላው።

ያኔ ታዳሂኮ ተነሣ፣ ወደ ዕቃ ቤት ዘለቀ፤
በሩን ሲከፍት ሽታው ቀድሞት ቤቱን አጥለቀለቀ።
እንዴት ልበላችሁ?
የዝናብ ቀን ካልሲ፣
የከረመ አይብ፣
ኮምጣጤ የጠጣ የበር ምንጣፍ።
እውነቱን ለመናገር፣ በዓይኔ መስኮት ፈለግሁ።

«ፉናዙሺ» አለ፣ ሳህኑን አስቀምጦ በሁለት እጁ፣
ቀስ ብሎ፣ የተኛ ይመስል ልጁ።
ሥሥ ሥሥ ሆኖ ተቆርጧል፣ ሆዱን ብርቱካናማ እንቁላል ሞልቶ፣
አጥንቱ እንኳ ቅቤ ሆኖ፣ ግትርነቱን ረስቶ።

አንዱን ዋጥኩ፣ ትንፋሼን ይዤ።
ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ፈገግ አልኩ።
ሁለተኛው ግን ከጉሮሮዬ በር ተጣላ፤
እናትየው ሻይ ሊቀዱ ፊታቸውን ሲያዞሩ
በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት፣ እንደ ሌባ።
አልዋሽም፤ እንደ ሌባ።

«ባለሙያው ማነው?» አልኩ፣ ጨዋታ ለመለወጥ ያህል።
የነጠላ ጫማው ድምፅ ቆመ።
«አባቴ» አለ ታዳሂኮ። «ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።
በሐምሌ ሩዙን ጠቅጥቆ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫነ፤
በኅዳር ሞተ።
በርሜሎቹ አምስት ነበሩ፤ ይሄ የመጨረሻው ነው።
ድንጋዩን ትናንት አነሣሁት፤
ከሱ እጅ ወዲህ የነካው አልነበረም።»

ወይዘሮ ሺዙኖ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ፣
«‹ጨው ሳላበዛበት አልቀረሁም› እንዳለ ነው የሄደው» አሉ።
«እኛ ፈርደን አናውቅም። እንግዳ ይፍረድ ብለን ነው።»

ሙያ በልብ ይባላል፤ የሟቹ ሙያ ግን በኪሴ፣
በወረቀት ተገንዞ፣ ይታዘበኝ ነበር ከነምላሴ።
«ልክ ነው» አልኩ። «ጨዉ ልክ ነው።»
ሴትዮዋ አንገታቸውን ሰበሩ፤
ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ማታ ባቡሩ ውስጥ፣ ሐይቁ ከመስታወቱ ሲጠፋ፣
ጥቅሏን ፈታሁ።
አንዲት ተማሪ ስልኳን ይዛ ወደ ፊተኛው ፉርጎ ሄደች፤
ክራባት ያሰረው ሰውዬ ጋዜጣውን እንደ መዝጊያ ዘረጋ።
እኔ በላሁ። ትንፋሼን ሳልይዝ፣ ቀስ ብዬ።
መጀመሪያ ኮምጣጣ፤
ቀጥሎ ጨው፤
ከጨው ኋላ፣ ከሩቅ፣ ሩዝ፤
ከሩዙ ኋላ ጣፋጭ ነገር፣ ስሙን የማላውቀው።
ጨው በዝቶበታል።
ትንሽ። በጣም ትንሽ።
ለማን እንደምነግር ግን አላወቅሁም።

ከፊቴ፣ ቅርጫት ታቅፈው ያንቀላፉ የመሰሉኝ አሮጊት
ዓይናቸውን ሳይገልጡ አየሩን በአፍንጫቸው ሳቡ፤
ደግመው ሳቡ፤
ፈገግ አሉና፣
«የማን ቤት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።