እንቅልፍ የመሰለ

ጀልበኛ ነኝ፤ ማትላን ወዲህ ወዲያ ስሻገር እኖራለሁ፣
ቀን ሩዝ፣ ቀን ፍየል፣ ቀን ሙሽራ እጭናለሁ።
ሌሊት በሬ ሲመታ ግን «ማነው?» ብዬ አልጠይቅም፤
በዝናብ ወር፣ በእኛ ደሴት፣
ከእባብ በቀር በዚያ ሰዓት ሰው የሚልክ የለም።

ኮብራ ቢሆን ምን ነበረ! ኮብራ እንኳ ወግ ያውቃል፣
ይቆማል፣ አንገቱን ይነፋል፣ ጠላትነቱን ያሳውቃል።
ይሄኛው ካላች ነው፤
ነጭ ክር የተጠመጠመበት የከሰል ገመድ፣
ቀን ሙት፣ ሌሊት ነፍስ ዘርቶ የሚሄድ፣
ከሣር ክዳን ወርዶ፣ የሰው ሙቀት ሽቶ፣
ከልጆች ጎን በምንጣፍ ላይ ተኝቶ፣
አንዷ ስትገላበጥ ደንግጦ የሚወጋ።
ደም የለው፣ እብጠት የለው፤ ትንኝ ነው ብላ
አክካ ትተኛለች፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።

የባሱዴብ ልጅ ጁቲካ፣ በዘጠኝ ዓመቷ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ «ሆዴን» አለች ለእናቷ።
አዝሙድ አፍልታ ሰጠቻት፤
ውሃው በአፍንጫ ተመለሰ፣ ምላሷ ከዳት፤
የዓይኗ ቆብ ወረደ፣ እንደ ሱቅ መዝጊያ ቆርቆሮ፤
«እንቅልፍ ነው» አለ ጎረቤቷ ኖቢን፣ ከደጅ አሻግሮ።
ተኚው ሁሉን የሚሰማበት ምን ዓይነት እንቅልፍ ኖሮ?

ሽማግሌው ሆሪፖዶ መጣ፤ ድግምቱን እየለፈፈ፣
የነሐስ ሳህን ከጀርባዋ ለጠፈ፦
«መርዙ እስካለ ይጣበቃል፤ ሲወድቅ፣ ያኔ አለፈ።»
ሳህኑ ተጣበቀ።
ላብ ነው፤ እኔ አውቃለሁ።
ከወንድሜ ጀርባ ሲወድቅ አጨብጭቤያለሁ፤
ሲመሽ በሙዝ ግንድ ታንኳ አስተኝተን
ለዚሁ ወንዝ ሰጠነው፣ ምናልባት ይነቃል ብለን።

«ልጅቷን ስጡኝ!» አልኩ።
ወንዙ ጎድሎ ነበር፤ ጭቃው ጉልበቴን ዋጠ፤
ትንፋሿ በየቀዘፋዬ እያጠረ፣ እየተቆራረጠ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት ነርስ፣ ዐሥር ብልቃጥ መድኃኒት፤
የመተንፈሻ መኪና የለም፤ አለ የጎማ ከረጢት።
«ቀዛፊ አይደለህ? ቆጥረህ ጭመቀው» አለችኝ።
ጭመቅ። ልቀቅ።
ጭመቅ።
ውሃ በሌለበት ክፍል፣ ያለ መቅዘፊያ፣
የሰው ደረት ቀዘፍኩ፣ እስከ ማግስቱ ማታ፣ ያለ ማረፊያ፤
ክንዴ ሲዝል አባቷ፣ እሱ ሲዝል እኔ፤
ያን ያህል የሰፋ ወንዝ ተሻግሬ አላውቅም በዘመኔ።

አሁን ተሳፋሪውን፣ ገና ሳንቲም ሳልቀበል፣
«አጎበር አለህ? ጠርዙን ከምንጣፍ ሥር ትወትፋለህ?» ስል፣
«አበደ» ይሉኛል። ይበሉ።
ካላቹ አልተገኘም፤ ሣር ነው የደሴቱ ጣራ ሁሉ።

ጁቲካ በሦስተኛው ቀን አንድ ዓይኗን ገለጠች፣
ቀስ ብላ ዙሪያውን አየች፣
ለካ አንድም ቃል አላመለጣት፤ ከሰማችው ሁሉ መርጣ
«ኖቢን ዋሸ» አለች።
ቆይታ ደግሞ፦ «ሳህኑ ይቀዘቅዝ ነበር።»