አምስት መቶ ሃያ ዘጠኝ

ንብረት ክፍል ነበርኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፤
ወንበር፣ ጠመኔ፣ ባልዲ፣ በእጄ ነበር ሁሉ።
ገቢው በሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣ ወጪው በሃያ ሁለት፤
አንዲት መጥረጊያ ብትጎድል ሌሊቱን የማድር በጭንቀት።
አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ጠርተው ቁልፍ ሰጡኝ፣
«ቤተ መጻሕፍቱን ያዝ» አሉኝ።

ያዝኩት። እንደ ንብረትም ደረደርኩት፦
ረጅሙን ከረጅም፣ አጭሩን ካጭር፣
ቀዩን ከቀይ ጎን፣ አረንጓዴውን ካረንጓዴ ዳር፤
ለባንዲራ እንደቆመ ተማሪ፣ ቀጥ፣
አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ።
አምሮልኝ ነበር።
ከታቦር የሚወርድ አቧራ እንጂ አንባቢ ባይኖርም፣ አምሮልኝ ነበር።

ኋላ ወይዘሮ ዘውድነሽ መጡ፣ ለሦስት ቀን ሥልጠና፤
ከስምንት ትምህርት ቤት ቁልፍ ያዦች ተሰበሰብን፣
ልቤ ግን አበሉ ላይ ነበር ገና።
«የሰው ልጅ የሚያውቀው ሁሉ ባሥር ቁና ይሰፈራል» አሉ፤
እኛ ሣቅን። እሳቸው አልሣቁም፣ ቁጥር መጻፍ ቀጠሉ።

በማግስቱ ተማሪዎች ገቡ፤
በየደረታቸው የቁጥር ካርቶን ተለጠፈ፤
«ተሰለፉ!» ሲባል ጫጫታው አጥሩን ዘሎ
እስከ አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳዎቹ ዘንድ አለፈ።
ጩፋሞ አምስት መቶ አሥር ነጥብ አሥራ አምስት፣
ረድኤት አምስት መቶ አሥር ነጥብ ሁለት።
«አሥራ አምስት ይበልጣል! ከኋላዋ ነኝ!» ብሎ
እግሩን ተከለ፣ እንደ ኳስ ዳኛ ክንዱን ሰቅሎ።
ወይዘሮዋ ነጥቧን በጠመኔ አወፈሯት፦
«ከዚህች ወዲያ አሥራ አምስት የሚባል የለም፤
ነጥብን የተሻገረ ቁጥር ይገባል ሌላ ዓለም።
አንድ፣ ከዚያ አምስት በል።» ጩፋሞ በጣቱ ቆጠረ፣
አፍሮም ይሁን ገብቶት፣ ከረድኤት ፊት ተሻገረ።
እኔም ያፈርኩት ያኔ ነው፤ ማንም ግን አልጠረጠረኝ፤
ስቆጥር የኖርኩትን ሰው አንዲት ነጥብ አሰናከለችኝ።

ሦስተኛው ቀን፣ ዝናብ። ቆርቆሮው አያሰማም።
ዱሬቴ ላሚሶ እጇን አወጣች፤ ከዚያ በፊት ተናግራ አታውቅም።
«አያቴ አያንቶ ነው፤ ጨረቃን ከኮከብ ጋር እያየ
ፊቼ መቼ እንደሚውል ስንት ዘመን የለየ።
የሱ ዕውቀት ስንት ቁጥር ነው?»

አንዱ ባልደረባችን «ሁለት መቶ፣ እምነት» አለ፤
ሌላው «ሦስት መቶ ዘጠና፣ ባህል ነው» ብሎ ማለ።
የፊዚክስ መምህሩ ከበሩ ሆኖ፣
«ጥንቆላ ነው፤ አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት ይቀመጥ»
ብሎ ሳይጨርስ ዱሬቴ ቁጭ አለች፣ ፊቷም ልውጥ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ መነጽራቸውን አወለቁ።
«አላውቅም» አሉ።
አሠልጣኝ እንዲህ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤
ከቁጥሮቹ ሁሉ ቀድሞ ደብተሬ ላይ የሰፈረው ይሄው ነው።
ከዚያ ወፍራሙን መጽሐፍ አንሥተው ሰጧት፤
«አንቺው ፈልጊ» አሏት።

ከምሳ ቀረች። የሐይቁ አሳ ሳህኗ ላይ ቀዘቀዘ።
ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጣቷ አንድ መስመር ላይ ፈዘዘ፦
«አምስት መቶ ሃያ፣ ሰማይ።
አምስት መቶ ሃያ ዘጠኝ፣ ጊዜ፤ የዘመን አቆጣጠር።»
ቀና አለች። «አያቴ እዚህ ነው።»

መደርደሪያው ጋ ሄጄ አየሁ፤
ከሰማዩ ዘልሎ ፊዚክስ፣ መሐሉ ባዶ።
ንብረት ክፍል ቢሆን «ጉድለት» ብዬ እፈርም ነበር።

አሁን እዚያ ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር አለ፤
አያትየው ተናግሮ ዱሬቴ የጻፈችው፣ በሲዳምኛ፣ በእርሳስ፤
ኅዳጉ ላይ ጨረቃ፣ ስትሞላ፣ ስትሳሳ።
ጀርባው ላይ ቁጥሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።
ማንበብ አልችለውም፤ ቦታውን ግን አውቃለሁ።

አለ ስል፣ ዛሬ እንኳ የለም።
ጩፋሞ ተውሶት መመለሻው ቀን ካለፈ
አሥራ አምስት ቀን ሆነው፤
ነጥብ የሌለበት፣ ሙሉ አሥራ አምስት።
ማታ ስዘጋ ክፍተቱን በመዳፌ ዳሰስኩት።
ጎድሏል።
ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።